ወንበሩ ወለሉ ላይ ከመተከሉ በፊት

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ጠያቂው የጥርስ ሐኪም ናቸው። ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው፦ በመንግሥት ሆስፒታል ተቀጥረው ይሠራሉ፤ ዲዩቲ (የተረኝነት ክፍያ) ተደምሮ በወር ወደ 18,000 ብር ያገኛሉ። ማታ ማታና ቅዳሜ ኮምቦልቻ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ 12,000 ብር ይከፍላቸዋል። አሁን ከጓደኛቸው ጋር ቧንቧ ውሃ አካባቢ የራሳቸውን የጥርስ ክሊኒክ ሊከፍቱ ነው። ቤት አግኝተዋል። «ጊዜ የለኝም፤ ግብሬን በሕጋዊ መንገድ እንዴት ልቀንስ? በግል ይሻላል ወይስ በፒኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር)? ሒሳቡን ራሴ ልያዝ ወይስ ሰው ልቅጠር?» ይላሉ።

አብሽሩ ዶክተር። ይህን ጥያቄ ብዙ ሐኪሞች ይጠይቁኛል። ግን የሚጠይቁኝ ክሊኒኩ ከተከፈተ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ፣ የኦዲት ደብዳቤ ሲደርሳቸው ነው። እርስዎ ገና ቤት በመከራየት ላይ ነዎት። ጥሩ ጊዜ ላይ ነው የመጡት።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ። ደሴ ላይ የግለሰብ ግብር የሚሰበስበው የክልሉ ገቢዎች ነው፤ ክልሉም የራሱ አዋጅ አለው። እዚህ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ግን የፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 እና የ2017ቱ ማሻሻያው፣ አዋጅ 1395/2017 ናቸው። ፋይልዎን ሲከፍቱ ከገቢዎች መምሪያው ጋር ያመሳክሩት።

በመጀመሪያ የማያስደስተውን ልናገር። ከደመወዝ ግብር ላይ የሚቀነስ ብልሃት የለም። በሌላ አገር ሐኪም ለመጽሐፉ፣ ለጋውኑ፣ ለትራንስፖርቱ ያወጣው ከግብር ይቀነስለታል ሲባል ሰምተው ይሆናል። እኛ አገር ተቀጣሪ ያወጣው ወጪ አይቀነስለትም። ደመወዙም ዲዩቲውም እንዳለ ተደምሮ የደመወዝ ግብር ሰንጠረዡ ውስጥ ይገባል። በወር የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ከ14,000 በላይ ያለው እያንዳንዱ ብር 35 በመቶ ይቆረጥበታል። የሚከፍሉት 7 በመቶ ጡረታ እንኳ ግብሩን አይቀንስልዎትም።

እንዲያውም እርስዎ ዘንድ የተደበቀ ዕዳ አለ ብዬ እጠረጥራለሁ። ሆስፒታሉ ከ18,000 ላይ 4,250 ብር ይቆርጣል። የኮምቦልቻው ክሊኒክም ሰንጠረዡን እንደገና ከዜሮ ጀምሮ ከ12,000 ላይ 2,250 ይቆርጣል። ድምር 6,500። ሕጉ ግን ሁለቱን ቅጥር እንደ አንድ ገቢ ነው የሚያየው። የ30,000 ብር ግብር 8,450 ነው። በየወሩ 1,950 ብር ይጎድላል ማለት ነው፤ በዓመት 23,400። ማንም ሳያስተውለው ሁለት ሦስት ዓመት ሊሄድ ይችላል። ከዚያ የንግድ ፈቃድ ወይም ክሊራንስ (የግብር ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት) ሲጠይቁ በዚያው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎ ይወጣል፤ ያኔ ቅጣትና ወለድ ይዞ ነው የሚመጣው። አንዱን ቀጣሪ መርጠው ሌላውን ደመወዝዎን ያሳውቁት፤ ተደምሮ ይቆረጥ።

ኮምቦልቻ የሚከፈልዎት በደመወዝ ሳይሆን «በፐርሰንት» ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው። ከታካሚው ክፍያ ይህን ያህል መቶኛ የእርስዎ፣ ቀሪው የክሊኒኩ የሚባለው አሠራር። ውሉ ተቀጣሪ ካላደረገዎት በሕጉ ዓይን ራስዎን የቻሉ ነጋዴ ነዎት። ፈቃድ፣ ደረሰኝ፣ ዓመታዊ ማሳወቂያ ሁሉ ይመጣል። መለያ ቁጥር ካላቀረቡ ደግሞ ከፋዩ 30 በመቶ ይዞ ማስቀረት አለበት። ብዙ ክሊኒኮች ሁለቱን ቀላቅለው ነው የሚሠሩት። ውልዎን አውጥተው ያንብቡት። ውል ከሌለዎት፣ ያው፣ መጀመሪያ ውል ይጻፉ።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ተስፋ ልቁረጥ። የአገራችን የገቢ ግብር በሰንጠረዥ የተከፋፈለ ነው። ቅጥር አንድ ሰንጠረዥ፣ የቤት ኪራይ ሌላ ሰንጠረዥ፣ ንግድ ሌላ። ክሊኒኩ በመጀመሪያው ዓመት ቢከስር ኪሳራው የደመወዝ ግብርዎን አያቀልም። ኪሳራው ወደሚቀጥሉት የክሊኒኩ ዓመታት ነው የሚሻገረው። «ክሊኒክ ከፍቼ የደመወዝ ግብሬን አካክሳለሁ» ያለ አንድ ሐኪም ደንበኛ ነበረኝ። ቡናውን ሳይጨርስ ነው ተስፋ የቆረጠው።

ታዲያ ግብር የሚታቀደው የት ነው? ክሊኒኩ ላይ ነው። እዚያም ቢሆን ዋናው ጉዳይ ኪራዩ ነው። ትንሽ ልቆይበት።

ደሴ ውስጥ ቤት የተከራየ ሰው ይህን ንግግር ያውቀዋል። አከራዩ ደህና ሰው ናቸው። ቡና ያፈላሉ፣ ይመርቃሉ። ከዚያ እንዲህ ይላሉ፦ «ልጄ፣ በወር 25,000 ትሰጠኛለህ፤ ውሉ ላይ ግን 10,000 ብለን እንጻፍ። ገቢዎች እንዳያስቸግረኝ።» እርስዎም ይሉኝታ ይይዝዎታል። ቤቱም አምልጦዎት ሌላ ማግኘት ከባድ ነው። ይፈርማሉ።

አሁን ሒሳቡን እንየው። በወር 15,000 ብር ያለ ማስረጃ ይከፍላሉ። በዓመት 180,000። ይህ ገንዘብ ከኪስዎ ወጥቷል፤ በግብር ሒሳብ ላይ ግን የለም። ስለዚህ እንደ ትርፍ ይቆጠርብዎታል። በ35 በመቶ ሲሰላ 63,000 ብር ነው። አከራዩ ያልከፈሉትን ግብር እርስዎ ከፈሉላቸው ማለት ነው። ኪራይዎ በወር 25,000 ሳይሆን ከ30,000 ብር በላይ ሆነ። እኔ ብሆን ለአከራዩ ይህንኑ ወረቀት ላይ አስልቼ አሳያቸዋለሁ። «አባባ፣ ሙሉውን እንጻፍ፤ በእርስዎ ላይ የሚመጣውን ልዩነት በኪራዩ ላይ ተጋግዘን እንከፋፈለው» ብሎ መነጋገር ይቻላል። ከአከራይ ጋር ሁለት ሦስት ሺህ ብር ጨምሮ መስማማት ከ63,000 ይረክሳል።

ጊዜው ደግሞ አሁን ነው። የጥርስ ወንበር እንደ አልጋ አይነሳም። ውሃው፣ ፍሳሹ፣ የአየር መስመሩ ወለል ተሰብሮ ነው የሚቀበረው። የብቃት ማረጋገጫዎም ከዚያ ቤት ጋር የተያያዘ ነው። ወንበሩ ከተተከለ በኋላ የመደራደር አቅም የአከራዩ ነው። ከመተከሉ በፊት የእርስዎ ነው። ውሉ ሙሉ ዋጋውን ይያዝ፣ ይመዝገብ፣ ክፍያውም በባንክ ይሂድ።

ከኪራይ ቀጥሎ ደረሰኝ። ቁጥር ይዘን እንነጋገር። ክሊኒኩ በዓመት 2,600,000 ብር አስገባ እንበል። ማስረጃ ያለው ወጪ 1,700,000 ከሆነ ትርፉ 900,000 ነው። ለግለሰብ ነጋዴ በዓመት የመጀመሪያው 24,000 ብር ነፃ ነው፤ ከ168,000 በላይ 35 በመቶ። ግብሩ 290,400 ይመጣል። ከወጪው ውስጥ የ300,000ው ደረሰኝ ቢጠፋስ? ትርፉ 1,200,000 ይሆናል፤ ግብሩ 395,400። ያው ሥራ፣ ያው ታካሚ፣ ያው ድካም። ልዩነቱ 105,000 ብር ነው።

ደረሰኝ የሚጠፋው የት የት እንደሆነ ከልምድ ልንገርዎት። አዲስ አበባ ለጥርስ ሽፋንና ለጥርስ ተክል ሥራ የሚላክለት ቴክኒሻን አለ። ሥራው በአውቶቡስ ይመጣል፤ ብሩ በሞባይል ይላካል፤ ደረሰኝ የለም። ማደንዘዣና ጓንት «በቅናሽ» የሚያመጣ ሰው አለ። ቅናሹ 10 በመቶ ነው፤ ደረሰኝ ግን አይሰጥም። እርስዎ ግን ደረሰኙን በማጣትዎ 35 በመቶ ያጣሉ። ቅናሽ አይደለም እንግዲህ።

ሌላው የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ነው። ይህ የራሴ ጥፋት ስለሆነ እናገራለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ደንበኛዬን ደረሰኝ ሁሉ በካርቶን አድርጌ መስኮት ሥር አስቀመጥኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦዲት መጣ። ካርቶኑን ስንከፍተው ግማሹ ነጭ ወረቀት ነው! ጽሑፉ ጠፍቷል። ያ ወረቀት በሙቀት ነው የሚታተመው፤ ፀሐይና ጊዜ ያጠፉታል። ከዚያ ወዲህ ደረሰኝ በመጣበት ቀን በስልክ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶኮፒው ከኦሪጅናሉ ጋር ይያያዛል። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ደሴና አካባቢዋ ላይ የደረሰውንም አንረሳውም። ወንበርና ኤክስሬይ ተዘርፎባቸው መዝገባቸውም አብሮ የጠፋባቸው አሉ። የፎቶው ቅጂ ከክሊኒኩ ውጪ ይቀመጥ። ሰነድ ለዓመታት መያዝ ግዴታ ነው፤ እኔ 10 ዓመት ይቆይ እላለሁ።

ዕቃ ግዢ ላይ ደግሞ የሰኔ ሰው አይሁኑ። በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ የሚደውልልኝ ሐኪም አይጠፋም፦ «ትርፌ በዛ፤ አዲስ ወንበር ልግዛና ግብሩን ላውርደው?» ወንበር የአንድ ዓመት ወጪ አይደለም። ቋሚ ዕቃ ነው። በ2009ቱ የገቢ ግብር ደንብ እንዲህ ያለው መሣሪያ በቀጥተኛው ዘዴ በዓመት 15 በመቶ የእርጅና ቅናሽ (ዋጋው በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ እንደ ወጪ የሚያዝበት) ይታሰብለታል። የ800,000 ብር ወንበር በዓመት 120,000 ብር ይቀንስልዎታል። ግን ቅናሹ በአገልግሎት ላይ በዋለባቸው ቀናት ልክ ነው። ሰኔ 29 የተተከለ ወንበር ለዚያ ዓመት የሚቀንሰው 660 ብር እንኳ አይሞላም። ያስፈለገዎት ቀን ይግዙት። ለግብር ብለው አይግዙ። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ሙጫና ማደንዘዣም ሰኔ 30 ተቆጥሮ ከወጪ ይወጣል፤ እስኪሠሩበት ድረስ ንብረት ነው።

ወደ ፒኤልሲው ልምጣ። ኩባንያ ከትርፉ 30 በመቶ ይከፍላል። 30 ከ35 ያንሳል ብለው ቶሎ አይደሰቱ። ግለሰብ ከታች ያሉት እርከኖች ይቀልሉለታል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ትርፉ 492,000 ብር አካባቢ ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች በግል ይረክሳል። ከዚያ በላይ ኩባንያው የረከሰ ይመስላል፤ ግን ትርፉን ወደ ኪስዎ ሲያወጡት የትርፍ ድርሻ ግብር አለበት። ለራስዎ ደመወዝ ልክፈል ቢሉ እሱም የደመወዝ ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ገንዘቡን ክሊኒኩ ውስጥ የማያስቀሩ ከሆነ በግብር ብቻ ፒኤልሲ ብዙም አያተርፍም።

የእርስዎ ጉዳይ ግን ጓደኛ አለበት። ለዚህ ስል ፒኤልሲ ይሻላል እላለሁ። ምክንያቱ ግብር አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሆነውን ልንገርዎት፦ ፈቃዱ በአንዱ ስም ይወጣል፣ ሁለቱ በቃል ይካፈላሉ። ገቢዎች የሚያውቀው አንዱን ነው። ሙሉው ትርፍ በእሱ ላይ ይሰላል፤ ግብሩ፣ ቅጣቱ፣ ዕዳው የእሱ ነው። ሌላኛው ደግሞ ግማሹ የእሱ ለመሆኑ ማስረጃ የለውም። ሁለታችሁም ትጎዳላችሁ። ጓደኛዎ ቢተውና ብቻዎን ቢቀሩ እንኳ የ2013ቱ የንግድ ሕግ ባለ አንድ አባል ኩባንያ ይፈቅዳል። የመንግሥት ተቀጣሪ ስለሆኑ ግን የመሥሪያ ቤትዎን ፈቃድ ጉዳይ መጀመሪያ ይጨርሱ። እሱ የሒሳብ ባለሙያ ሥራ አይደለም፤ ሆኖም ብዙ ዕቅድ እዚያ ላይ ነው የሚፈርሰው።

የግብር ከፋይ ደረጃን በተመለከተ፦ በማሻሻያው ደረጃ ሐ ቀርቷል። ዓመታዊ ገቢው 2,000,000 ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ደረጃ ሀ፣ ከዚያ በታች የሆነ ደረጃ ለ ነው፤ ኩባንያ ደግሞ በገቢው መጠን ሳይሆን በኩባንያነቱ ብቻ ደረጃ ሀ ነው። ሙሉ መዝገብ ይይዛል። አዲስ ነገርም መጥቷል። የደረጃ ሀ ግብር ከዓመታዊ ሽያጭ 2.5 በመቶ በታች እንዳይወርድ ተደርጓል። በ2,600,000 ሽያጭ 65,000 ብር ማለት ነው። «ወጪ አብዝቼ ትርፉን ዜሮ አደርጋለሁ» የሚለው ዘዴ ከዚህ በኋላ ብዙ አይራመድም።

ቫት ላይ አጭር ቃል። የሕክምና አገልግሎት ከቫት ነፃ ነው። ይህ ደስ ይላል፤ ግን ሌላ ጎን አለው። ዕቃ ሲገዙ የከፈሉትን ቫት መልሰው አያገኙትም። ስለዚህ የወንበር ዋጋ ሲጠይቁ «ቫትን ጨምሮ ስንት?» ይበሉ። እንግዳ መቀበያው ላይ የጥርስ ሳሙናና ብሩሽ መሸጥ ቢያምርዎት ያ ሕክምና አይደለም፤ ለብቻው ይመዝገብ።

አሁን ወሎ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምጠየቀውን አንድ ነገር ላንሳ። ከኩታበር ወይም ከወረኢሉ አንዲት እናት ፊታቸው አብጦ ይመጣሉ። የሚከፍሉት የላቸውም። እርስዎም «ይተውት እማማ» ብለው ይነቅሉላቸዋል። መልካም ነው። ያልተቀበሉት ገንዘብ ገቢ ስላልሆነ ግብር የለበትም፤ ያጠፉት ማደንዘዣና ጓንት ደግሞ የክሊኒኩ ወጪ ነው። ግን ይጻፉት። ኦዲተር የታካሚ መዝገብዎን ከደረሰኝዎ ጋር ያስተያያል። መዝገቡ ላይ 40 ሰው፣ ደረሰኙ 33 ከሆነ ሰባቱ የተደበቀ ሽያጭ ይመስላሉ። «በነፃ» ብለው ቀኑንና ካርድ ቁጥሩን አንድ ደብተር ላይ ማስፈር ይበቃል። ከኪስዎ የሚሰጡት ዘካም ሆነ አሥራት ግን የክሊኒኩ ወጪ አይሆንም። ዋጋው በሌላ ዘንድ ነው። ሕጉ የሚቀበለው ሕጋዊ ለሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት በማስረጃ የተሰጠውን ነው፤ እሱም ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ብቻ።

ሠራተኛ ሲቀጥሩ «በእጅ 8,000» ብለው አይስማሙ። ደሴ ላይ ልማዱ እንዲህ ነው፤ ቀጣሪው ግን ምን እንደገባበት አያውቅም። ለረዳትዎ በእጅ 8,000 እንዲደርስ ጥቅል ደመወዙ (ግብርና ጡረታ ሳይቆረጥ ያለው) ወደ 10,556 መሆን አለበት። በዚያ ላይ እርስዎ 11 በመቶ ጡረታ ይጨምራሉ። ወደ 11,700 ብር ይወጣል። ውል በጥቅል ደመወዝ ይጻፍ። የቆረጡትን ግብርና ጡረታ ወሩ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ያስገቡ። ይህ ገንዘብ የእርስዎ አይደለም፤ ለጊዜው እጅዎ ላይ ያለ አደራ ነው። ጨንቋቸው በዚህ ብር ዕቃ የገዙ ሰዎች ሲቸገሩ አይቻለሁ።

ቀኖቹን ስልክዎ ላይ ያስገቡ። የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ያበቃል። ደረጃ ለ እስከ ነሐሴ 30፣ ደረጃ ሀ እስከ ጥቅምት 30 ያሳውቃል። ማሳወቂያ ከዘገየ ካልተከፈለው ግብር ላይ እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ቅጣት አለ። አንድ ወጥመድ ልጠቁም፦ ፈቃዱን ግንቦት ላይ አውጥተው ክሊኒኩን መስከረም ላይ ቢከፍቱ፣ የዚያን ዓመት ባዶም ቢሆን ማሳወቅ አለብዎት። «ገና ሥራ አልጀመርኩም» ምክንያት አይሆንም። ከመክፈቻው በፊት ለእድሳት፣ ለቧንቧ፣ ለቀለም የሚያወጡትም ደረሰኝ በመለያ ቁጥሩ ይቆረጥ። ስለዚህ መለያ ቁጥሩ ከቀለሙ ይቅደም።

ሒሳቡን ራስዎ አይያዙት። በቀን 20 አፍ የሚያይ ሰው ማታ ደብተር ላይ ይተኛል። በወር የሚከፍሉት ባለሙያ ይያዙ፤ ክፍያውም የክሊኒኩ ወጪ ነው። ለእርስዎ የሚቀረው ሥራ በሳምንት ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ለክሊኒኩ ብቻ የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይኑርዎት፤ የቤት አስቤዛና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያ አይውጣ። ደረሰኝ በዕለቱ ፎቶ ይነሳ። በየወሩ መጨረሻ ባለሙያው የባንኩን መግለጫና የካሽ ሬጅስተሩን ድምር ጎን ለጎን አስቀምጦ ያሳይዎት። ካልገጠመ «ለምን?» ይበሉ፤ መልሱን ሳይሰሙ አይነሱ።

ባለሙያው ማሳወቂያውን ያዘጋጃል፤ ፈርመው የሚያስገቡት ግን እርስዎ ነዎት። ማኅተሙንም ቼኩንም ለእሱ አይስጡት። ባለሙያው እኔ ብሆንም።